በሩን ይዘን የተመለስንበት ጉዞ

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ አንድ ያረጀ ሰሌን ተሰቅሏል። ባለፈው ፋሲካ የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው ሲበሉ ትንሿ ቀና ብላ አየችውና፣ "አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"በር ነው።"

"የምን በር?"

"የቆላ ቤታችን በር።"

ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጃጀች ብለው ነው መሰለኝ። ከዚያ "ቆላ ቤት ነበረን እንዴ? የት? በይ ንገሪን" ብለው ያዙኝ። አፌ እንደ እግሬ ነው፣ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ስናገር ከመሃል እየዘለልኩ አስቸገርኳቸው። ስለዚህ ደብተር ግዙልኝ አልኳቸውና ይኸው ጻፍኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ፣ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ።

አያታችሁ ተሰማ አናጢ ነበር። ከአጠና ተራ እስከ ቀራንዮ እሱ በር ያልገጠመበት ሰፈር የለም። ደረቱ ግን ከክረምት ጋር ተጣልቷል። ሐምሌ ሲገባ ያፍነዋል፣ ነሐሴ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። የኮልፌን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ ይንጠባጠባል። በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት የንስሐ አባታችን ሁለት ጊዜ ተጠርተው መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻው ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ሲሻለው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ አወጣኝና፣ "እናቴ፣ እኚህ ሰው ሌላ የኮልፌ ክረምት አይወጡም። ክረምቱን ቆላ ያክርሟቸው፣ ደረቅና ሞቃት አገር" አለኝ።

ለተሰማ ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? "በሰው ቤት አልከርምም። ለስንቱ ቤት ሠርቼ በስተርጅና በሰው ጣሪያ ሥር? እገዛለሁ!"

የእህቴ ልጅ ጌታሁን ያኔ ከአዋሽ ማዶ የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። "ጋሼ፣ እዚህ አፋሮች የሚሠሩት ቤት አለ፤ ነፋስ ያስገባል፣ ዝናብ አያውቅም፣ መጥታችሁ እዩት" ብሎ ጻፈልን። ግንቦት ሲያልቅ ለመሄድ ወሰንን።

ያኔ ግን ያለ ቀበሌ ወረቀት ንቅንቅ የለም። ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባን።

"ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?" አለ።

ተሰማ መዋሸት አይችልም፤ ቢሞክርም ጆሮው ይቀላል። "ቤት ልገዛ" አለ።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናቴ፣ በሩን ዝጊው።" ዘጋሁት። "አቶ ተሰማ፣ ይሄን ያሉትን ሌላ ሰው ሰምቷል? አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው። ትርፉ ሁሉ ሲወረስ እርስዎ የት ነበሩ?"

"ትርፍ አይደለም። ለደረቴ ነው።"

"ለደረት የወጣ አዋጅ የለም።"

የጌታሁንን ደብዳቤ ከመቀነቴ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቤቱን በር የገጠመለትም ተሰማ ነው።

"ይሄ ቤት መሠረት አለው?"

"የለውም።"

"ቆርቆሮስ?"

"የለውም፣ ሰሌን ነው።"

"ቁጥር የሚለጠፍበት ግድግዳ?"

"እንጃ። በግመል ይጫናል ይላል።"

ሊቀመንበሩ ጣሪያውን እያየ ቆየና ፊቱ በራ። "እንግዲያስ ቤት አይደለም። ጓዝ ነው!" ወረቀቱ ላይም "ጓዝ ለማምጣት" ብሎ ጻፈና ማኅተሙን ደበደበው።

የመጀመሪያው ቀን

ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ ለገሃር ወረድን። ተሰማ የክረምት ካፖርቱን ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ ብብቱ ሥር የአናጢ ሜትርና የውሃ ልክ ይዟል። የውሃ ልክ ማለት ያቺ አረፋ ያላት፣ ግንበኛና አናጢ ግድግዳው መንጋደድ አለመንጋደዱን የሚያይባት እንጨት ናት። "ሳላይ አልገዛም" ይላል። እኔ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለሰዎቹ የምሰጠው ቡና፣ ደግሞ አንድ ትልቅ ቅል ለጋ ቅቤ ይዣለሁ።

የባቡሩን ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርን። ወንበሩ ጣውላ ነው፤ ተሰማ ደባብሶ "ዝግባ ነው፣ ግን ሚስማሩ ተርፏል" አለ። ደብረ ዘይት ሲደርስ ጋቢውን አወረደ። ናዝሬት ላይ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ። ካፖርቱን ግን አላወልቅም አለ፤ "ብርዱ አድፍጦ ነው የሚመታኝ።"

ስህተቱ የእኔ ነው። ኮልፌ ውስጥ ቅቤ ድንጋይ ነው፤ በቢላዋ ነው የሚቆረጠው። ቅሉን ከላይ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከሥሩ አንድ ካኪ የለበሱ፣ ራሰ በራ፣ ሰው ሁሉ "ጓድ" እያለ ቦታ የለቀቀላቸው ሰውዬ ተቀምጠዋል። መተሐራ ልንደርስ ስንል ሰውዬው አናታቸውን ነካ አደረጉና ጣሪያውን አዩ። ደግሞ ነካ አደረጉ። "ዝናብ ነው እንዴ?" አሉ። በዚያ ፀሐይ! ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ።

"ቅቤ ነው?"

"ለጋ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ።

ተሰማ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰውዬው አናታቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ "እናቴ እንዲህ አድርጋ ነበር የምትቀባኝ፤ ያኔ ጸጉር ነበረኝ" አሉ። አዋሽ እስክንደርስ የእናታቸውን ነገር ሲያጫውቱን ሄዱ። ስንወርድም የቀረውን ቅቤ ወደ ማንቆርቆሪያ እንዲገለብጥልኝ አንድ የሻይ ቤት ሰው ጠርተው አዘዙልኝ።

አዋሽ ላይ ጌታሁን ተቀበለን፣ ቤርጎም ተከራየን። የቤርጎዋ ባለቤት ክፍሉን ከፍታ አሳየችን፤ ምድጃ ነው። "ዕቃችሁን አስገቡና አልጋውን እናወጣላችኋለን" አለች። በዚያ አገር ክፍል የሚከራዩት ለሻንጣ ነው፤ ሰው ግቢ ውስጥ ነው የሚተኛው። እራት የጾም በላሁ፤ እንጀራው ከትሪው ወደ አፌ እስኪደርስ ድርቆሽ ይሆናል። "ቤት ልገዛ መጥቼ ሜዳ ላይ ልተኛ ነው" እያለ ተሰማ ተጋደመ።

ጎህ ሲቀድ ደንግጬ ነቃሁ። ምን እንዳስደነገጠኝ አላወቅሁም፤ ከዚያ ገባኝ። ሳል የለም። ተወርውሬ ተነሣሁ።

"ተሰማ! ተሰማ!"

"ምን ሆንሽ?"

"አላሳልክም!"

"ታዲያ ልሳልልሽ?"

እኔ ግን ያን ጊዜ ወሰንኩ። ቤት ይሁን ጓዝ ይሁን፣ ሳላገኝ አልመለስም።

ሁለተኛው ቀን

ጌታሁን በትራክተሩ ተጎታች ላይ ጭኖ ወሰደን። መንገድ የሚባል የለም፤ እሾህና አቧራ ነው። በእኛ አገር ዛፍ ወደ ላይ ያድጋል፣ እዚያ ወደ ጎን። ሁለት ሰዓት ያህል ከተንገጫገጭን በኋላ የአፋሮቹ መንደር ደረስን፤ ከሩቅ የተገለበጡ ቅርጫቶች ይመስላል። ጌታሁን አገሩ ላይ ስለቆየ ቋንቋቸውን ይናገራል፤ ዑመር ከሚባል፣ ጺሙን ቀይ ከቀባ ሽማግሌ ጋር አስተዋወቀን።

መንደሩ ዳር ላይ አንድ አዲስ ቤት ቆሟል። ቆልመም ቆልመም ካሉ እንጨቶች የተሠራ ነው፤ በላዩ የዘንባባ ሰሌን ተደርቦበታል። ሰሌኑ ገና ትኩስ ቅጠል ይሸታል። ውስጡ ባዶ ነው። ተሰማ ደስ አለው፤ "ማንንም ማስለቀቅ አያስፈልግም" አለ።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። በጣቱ ቋ ቋ ሊያደርግ ሞከረ፣ ድምፅ የለም። ሜትሩን ዘረጋ፣ ማዕዘን ፈልጎ አጣ። ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። "አስካለ፣ ይሄ ቤት ጥግ የለውም!" የውሃ ልኩን ጉልላቱ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ ወደ አንድ ዳር ሸሸች፣ ቢያዞራት ወደ ሌላው ሸሸች። ሚስማር ፈለገ፣ አንድ የለም። በመጨረሻ በሩን፣ ማለትም እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠለውን ሰሌን፣ አገላብጦ አየና ደስ አለው፤ ስህተት አገኘ። "ይቺ የታችኛዋ ማዕዘን ጠማማ ናት። ይሄን ያስቀንሱልኛል።"

አንዲት ለጋ ቆንጆ ከቤቱ ጎን ተቀምጣ ሰሌን ትሠራለች። ተሰማን የምታየው ማሽላ ውስጥ የገባ ፍየል እንደሚታይ ነው።

ዑመር ከጥላው ሥር አስቀመጠን። መጀመሪያ ወሬ ጠየቀን፤ ከየት መጣችሁ፣ መንገድ ላይ ምን አያችሁ፣ ማን ታመመ፣ የት ዘነበ። የቅቤውንም ነገር ሳይቀር ነገርነው። ከዚያ ወተት ቀረበ። የሐዋርያት ጾም ገብቷል፣ ያውም ዓርብ ነው። ተሰማ ዕቃውን ይዞ ፈዘዘ፤ እኔ ግን እንግዳ ተቀባይ ሰው ፊት ወተት አልመልስም ብዬ ጠጣሁ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ይጣፍጣል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ጥሩ ነበር?" አሉኝ እንጂ አልተቆጡም።

ተሰማ ስለ ቤቱ ጠየቀ። ጌታሁን እያስተረጎመ፣

"ቤቱ ጥሩ ነው?" ቢለው፣ "ጥሩ ነው" አለ ዑመር።

"ጠንካራ ነው?" "ጠንካራ ነው።"

"የእኔ ይሆናል?" "አላህ ካለ።"

ተሰማ እጁን ዘረጋ፤ ዑመር ጨበጠው፣ ሳመው። "አለቀ!" አለ ተሰማ። "እንዲህ ያለ ገር ሻጭ አይቼ አላውቅም። ዋጋውን ነገ እንነጋገራለን።" ወደ እርሻው ሰፈር፣ ጌታሁን ቤት ተመልሰን አደርን።

ሦስተኛው ቀን

ቅዳሜ ማለዳ ቡናችንንና የተረፈውን ቅቤ ይዘን ተመለስን። መንደር የለም። የእሳት ድንጋይና የፍየል በጠጥ ብቻ።

ተሰማ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ መሬቱን ያያል። "ቤቴን ሰረቁኝ" አለ። ስንት ሰው ቤቱን መንግሥት ሲወስድበት አይቻለሁ፤ ግመል የወሰደበት ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጌታሁን በስተምሥራቅ ደመና አሳየን። "ትናንት እዚያ ዘንቧል፣ ጋሼ። ሣር ፍለጋ ሄደው ነው።"

"ንዳ!"

በትራክተር ቤታችንን አሳደድነው። ግመሎቹ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ በየጀርባቸው የተጠቀለለ ሰሌንና የታሰረ እንጨት አለ። የኛውን ተሰማ በዚያች ጠማማ ማዕዘን ለየው። ከተጎታቹ ዘሎ ወርዶ የግመሉን ገመድ ያዘ። "ቁም! ቤቴ ነው!"

ገመዱን ከወዲያ የያዘችው አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። የዑመር ሚስት ፋጡማ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችውና ለጌታሁን አንድ ነገር አለችው።

"ይሄ ካፖርት የለበሰው ማነው? ትላለች።"

ዑመር መጣ። ተሰማ ጮኸበት፤ "ተጨባብጠን የለም ወይ?"

ዑመር ረጋ ብሎ መለሰ። "ቤቱ ጥሩ ነው ወይ አልከኝ፣ ጥሩ ነው። የእኔ ይሆናል ወይ አልክ፣ አላህ ካለ። ቤት ግን የወንድ አይደለም። የሠራችው እሷ፣ የምታፈርሰው እሷ፣ የምትጭነው እሷ። እኔ ራሴ እሷ ቤት ነው የምተኛው። ከእንግዳ ጋር ስለ ቤት መጫወት ደስ ስላለኝ ነው የተጫወትኩት።"

ተሰማ ለመመለስ አፉን ሲከፍት የተጎታቹ አቧራ ሁሉ ደረቱ ላይ መጣ። ያ ሳል። በጉልበቱ ወደቀ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ነሐሴ ሆነብኝ። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ካፖርቱን ጎትቼ አወለቅሁት፣ "ውሃ! በማርያም ውሃ!" እላለሁ።

ፋጡማ አንድ ቃል ተናገረች። ግመሉ ተንበረከከ። ስድስት ሰባት ሴቶች መጡና ያንን አዲስ ቤት አራገፉት። ቤቱን ወደ ተሰማ ወሰዱት እንጂ ተሰማን ወደ ቤት አልወሰዱትም። እሱ በተጋደመበት ዙሪያ እንጨት ተከሉ፣ ጎበጥ አድርገው አሰሩ፣ ሰሌን አለበሱ። እኔንም እንጨት አስያዙኝ፤ አጣምሜ ስይዝ ፋጡማ እጄን ቸብ አደረገችኝ። ተሰማ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ፈልጎ እስኪያገኝ በሚፈጅ ጊዜ ቤት በላዩ ላይ ተሠራበት። ውስጡ ጥላ ሆነ፣ በሰሌኑ ቀዳዳ ነፋስ ገባ። ፋጡማ ቀና አደረገችው፣ ጆሮዋን ጀርባው ላይ ለጠፈች፣ ትንሽ ትንሽ ወተት አጠጣችው። ትንፋሹ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን አየ። "ሚስማር የለውም" አለ በደከመ ድምፅ። "እንዴት ቆመ?"

ፋጡማ ወጣችና ለዚያች ለጋ ቆንጆ አንድ ነገር ተናገረች። ልጅቷ ጮክ ብላ መለሰች። ፋጡማ ደገመችላት። ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ቅጠል ጥላ ወደ ግመሎቹ ሄደች።

"ምን ተባባሉ?" አልኩት ጌታሁንን።

"የቤት ወሬ ነው፣ እትዬ። ይተዉት።"

ፋጡማ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ለወንድ አልሸጥም፣ ቤቱ ያንቺ ነው አለችኝ። "እሱ እስከወደድሽው ድረስ ይተኛበት፤ ሲያስቸግርሽ አስወጪው።" ተሰማ ውስጥ ሆኖ ሰማ፣ ግን ለመቃወም ትንፋሽ አልነበረውም።

"ምን ልስጥሽ?" አልኩ።

ቡናውንና ቅቤውን ወሰደች። ከዚያ፣ "እናንተ ከተማ ሐኪም አለ። ከእኛ ሰው ታሞ ሲመጣ ማደሪያ የለውም። አንቺ ቤት አለሽ?" አለችኝ።

"አለኝ። ብርድ ነው እንጂ።"

"እንግዲያስ ቤት በቤት ነው።"

በዚሁ ተስማማን። ከብቱ በሄደበት ቤቴን እየጫኑ ሊሄዱ፣ እኛ ሰኔ ላይ ስንመጣ ያለበት ቦታ ሊያቆሙልን። ሰው ቤት ሲገዛ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ይሄ ቤት ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ፋጡማ በሩን ፈታች፣ ጠቀለለችና ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። በር የሌለው ቤት ማንም አይገባበትም አለች፤ እኛ እስክንመጣ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል።

አራተኛው ቀን

እሑድ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ፈታሹ ወረቀታችንን ተቀበለ። "ጓዝ ለማምጣት ይላል። ጓዙ የታለ?"

"ይኸው" አልኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

እኔ ሰሌን ነው ልል ስል ተሰማ ቀደመኝ። "በር ነው።"

"የምን በር?"

"የቤቴ... የሚስቴ ቤት።"

"ቤቱስ?"

"ሄዷል።"

"የት ሄደ?"

"ሣር ፍለጋ።"

ፈታሹ የተሰማን ካፖርት አየ፣ ፀሐዩን አየ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "እናቴ፣ ፀሐይ መትቷቸዋል። ውሃ እየሰጡ ይውሰዷቸው።" አሳለፈን።

ሰኞ ሊቀመንበሩ መጥቶ በሩን አየ። "በር ብቻውን ቤት አይደለም" አለና ረክቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ከረምን። ሰኔ በገባ ቁጥር በራችንን አዝለን ባቡር እንሳፈራለን፤ አዋሽ ስንወርድ ለግመል ነጂዎቹ "ቤታችን የት ነው?" እንላለን፣ እነሱም "ከወንዙ ማዶ ነው" ወይም "ዘንድሮ ሩቅ ነው" ይሉናል። ተሰማ እዚያ ቁጭ ብሎ ያችን ጠማማ ማዕዘን ያማል። "እጅ የሌለው ሰው ሥራ" ይላታል። አንድ ጊዜ ሚስማር ሊመታባት ሲል እኔ ቤቴን አትንካ ብዬ ከለከልኩት። ክረምት አልገደለውም። የሞተው በጥር ነው፣ በሌላ ሕመም፣ በጠራ ፀሐይ።

ከሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ደርግም ሄዶ፣ አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን አዝላ ከጦር ኃይሎች ሰፈር ጀምራ "የአናጢው ሚስት" እያለች ስትጠይቅ በራችን ላይ ደረሰች። ያቺ ለጋ ቆንጆ ናት፤ የፋጡማ ልጅ፣ አይሻ። አማርኛ ለምዳለች። ልጇ ሐኪም ቤት ሲመላለስ አንድ ወር እኛ ዘንድ ተቀመጠች፣ ዳነላትም።

በገባችበት ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በር አየችና ቆመች። ከዚያ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። ስድስት ክረምት ሙሉ ማንም ያልነገረኝን ያን ቀን ነገረችኝ። የእነሱ አገር እናት ልጇን ከመዳሯ በፊት ቤቷን ሠርታ ታዘጋጃለች። ያ ቤት የአይሻ የሰርግ ቤት ነበር፤ ሰርጉ ወር አልቀረውም። እናቷ ያን ቀን ከተሰማ ጀርባ ላይ ጆሮዋን አንስታ ወጥታ፣ "ላንቺ ሌላ እሠራለሁ፣ እሱ ግን እስኪሠራ አይቆይም" ብላታለች። ዘንባባ እስኪሰበሰብ፣ ሰሌን እስኪሠራ፣ ሰርጉ አንድ ዓመት ተላለፈ። "ባልሽን ዓመቱን ሙሉ ረገምኩት" አለችኝ።

ከዚያ ጠጋ ብላ የታችኛዋን ጠማማ ማዕዘን በጣቷ ነካች። በሩን እናቷ አይደለችም የሠራችው። አይሻ ራሷ ናት፣ ሰሌን መሥራት ስትማር የመጀመሪያ ሥራዋ።